ስምንት ወር ብቻ የቆየ ኩሽኔታ፦ የአንዲት ላዳ የኋላ ቀኝ እግር

መነሻ

መኪናዋ ላዳ ናት። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሠርታለች፤ አሁን የቤት መኪና ሆናለች። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ የሚኖሩት ቡራዩ ነው። በሳምንት ሦስት አራት ቀን በአስኮ በኩል መርካቶ ደርሰው ይመለሳሉ። ከአምቦው መንገድ ወደ ግቢያቸው የሚያስገባው ቅያስ መጀመሪያ ኮብልስቶን፣ ቀጥሎ ገረጋንቲ፣ መጨረሻው ጭቃ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃው የቸርኬውን ወገብ የሚነካባቸው ጉድጓዶች አሉበት።

ከስምንት ወር በፊት የቀኝ የኋላ ኩሽኔታ፣ ማለትም ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት፣ አንድ የመንገድ ዳር ጋራዥ ውስጥ ተቀይሮ ነበር። ድምፁ ጠፋ፣ ነገሩም ተረሳ። ክረምቱ እንደወጣ ግን መኪናዋ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስታልፍ የሚሰማ ጉርምርምታ ተመለሰ። ሳምንት ሳይሞላው የቀኝ ጎማው የውስጥ ገጽ በዘይት ራሰ። በደንብ የተገጠመ የዚህ ዓይነት ኩሽኔታ ለዓመታት ይሠራል። በስምንት ወር ካበቃለት መጠርጠር ያለበት ዕቃው ብቻ አይደለም፤ አገጣጠሙም ነው።

ሥራውን የሠሩት ባለቤቱና አንድ የጎረቤት ልጅ ናቸው። ልጁ የአውቶ መካኒክ ተማሪ ነው። አንዷን ደረጃ ቶርኖ ቤት ወስደው አሠሩ፤ የቀረው ሁሉ ግቢ ውስጥ ተጠናቀቀ።

ድምፁ የማን ነው?

ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ፈረደ፤ አንዱ ጎማ ነው አለ፣ ሌላው ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ እግሮች የሚያካፍለው የማርሽ ሳጥን)። እነዚህን መለየት ግን ያን ያህል ከባድ አይደለም። የጎማ ድምፅ ከመንገዱ ገጽ ጋር ይቀያየራል፤ ለስላሳ አስፋልት ላይ ይቀንሳል፣ ሻካራው ላይ ይጨምራል። የዲፈረንሻል ድምፅ የነዳጅ ፔዳሉን ይከተላል፤ ሲረገጥ አንድ ዓይነት ነው፣ ሲለቀቅ ሌላ። የኩሽኔታ ድምፅ ከፍጥነት ጋር ይወጣል ይወርዳል፣ ክብደት ሲያርፍበት ደግሞ ይጎላል። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ እግር ስለሚያጋድል፣ የሚጮኸው የቀኙ ኩሽኔታ ነው። እዚህም የሆነው ይኸው ነበር።

ቀጥሎ እግሩ በክሪክ ተነሳ። ብዙ ሰው ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ይወዘውዝና በቃኝ ይላል። በዚህ ዓይነቱ አክስል ግን ዋናው ፈተና ወደ ውጭ መሳብና ወደ ውስጥ መግፋት ነው። ለላዳ የተፈቀደው የሰሚያስ (ከዲፈረንሻሉ ወጥቶ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) የመውጣትና የመግባት ልቅነት ከ0.7 ሚሊሜትር አይበልጥም። እዚህ መለኪያ እንኳ አላስፈለገም፤ 2 ሚሊሜትር ያህል ሲመላለስ በዓይን ይታይ ነበር። ልጁ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ የፍሬን ሳህኑ ላይ አስደግፎ፣ እጀታውን ጆሮው ሥር አድርጎ ጎማውን በእጁ ሲያዞር ጠጠር የሚፈጭ ድምፅ ሰማ።

ጎማውን መኪናው ላይ የሚያቆየው

ይህን ሳይረዱ መፍታት አይገባም። ከ2101 እስከ 2107 ባሉት የኋላ እግራቸው በሚነዳ ላዳዎች ጎማውና ታምቡሩ (የፍሬን ሸራው ከውስጥ የሚይዘው ከበሮ መሰል ብረት) የሚታሰሩት በሰሚያሱ ጠፍጣፋ ራስ ላይ ነው። ሰሚያሱ በውስጥ ጫፉ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ይሰካል እንጂ እዚያ የሚቆልፈው ነገር የለም። የሚይዘው በውጭ ጫፉ ያለው አንድ ኩሽኔታ ነው። የኩሽኔታው የውጭ ቀለበት በአክስሉ ቤትና በአንዲት ላሜራ መካከል በአራት ቡሎን ይታሰራል። የውስጥ ቀለበቱ ሰሚያሱ ላይ ይቀመጣል፤ ከበስተ ውስጥ በኩል ደግሞ አንድ ተራ የብረት ቀለበት ይደገፍበታል። ይህች ቀለበት ጥርስ የላትም፣ ፒን የላትም፣ ዳዶም አይደለችም። በሙቀት ሰፍታ ትገባለች፣ ስትቀዘቅዝ ዘንጉን ጨምድዳ ትይዛለች።

መኪናው ሲታጠፍ ጎማውን ወደ ውጭ የሚጎትተውን ኃይል የምትሸከመው እሷ ናት። ከተንሸራተተች ሰሚያሱ ከነጎማውና ከነታምቡሩ ተስቦ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን በዚያ እግር ፍሬንም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ኩሽኔታው የሚለበስ ዕቃ ነው፤ ሕይወት የተንጠለጠለው ግን በቀለበቷ ላይ ነው።

የተገዛው ዕቃ

ኩሽኔታው 6306 ነው፤ የውስጥ ስፋቱ 30፣ የውጭ ስፋቱ 72፣ ውፍረቱ 19 ሚሊሜትር። በሁለቱም ጎን የጎማ ክዳን ያለው፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ቱ አር ኤስ የተጻፈበት ተመረጠ። 6306 የላዳ ብቻ የሆነ ቁጥር አይደለም፤ ለዲናሞም ለውሃ ፓምፕም የሚሠራ መደበኛ መጠን ስለሆነ የመኪና መለዋወጫ በማይሸጥበት የኩሽኔታ ሱቅም ይገኛል። ሲገዛ ካርቶኑን ሳይሆን ብረቱን ማየት ነው፦ ጽሑፉ ቀለበቱ ላይ ጥርት ብሎ መታተሙን፣ በጣት ሲዞር አንድም ቦታ ሳይነክስ እኩል መዞሩን።

ከዚህ ሌላ 30 በ45 በ8 የሆነ ኦይል ሲል (የአክስሉ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግድ ቀለበት)፣ በአክስሉ ቤትና በፍሬን ሳህኑ መካከል የሚገባው የጎማ ቀለበት፣ ለሁለቱም የኋላ እግር የሚሆን የፍሬን ሸራ፣ እንዲሁም 80 ደብሊው 90 ጂ ኤል 5 የዲፈረንሻል ዘይት ተገዛ። አክስሉ የሚይዘው 1.3 ሊትር ነው። የብረት ቀለበቷ አንዲት ብቻ ተገዛች፤ ይህ ስህተት መሆኑ በኋላ ታወቀ።

መፍታት

የጎማው ቡሎኖች መኪናዋ መሬት ላይ እያለች ላላ ተደረጉ። ከዚያ በፊት ግን የፊት ጎማዎቹ በፊትም በኋላም ትልልቅ ድንጋይ ተደረገባቸው። ይህ ለወግ ያህል የሚደረግ ጥንቃቄ አይደለም። የላዳ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ እግሮችን ነው፤ ታምቡሩ እንዲወጣ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ አለበት። ማርሽ ውስጥ ማስገባትም አያድንም፤ አንድ የኋላ እግር ከመሬት ሲነሳ ዲፈረንሻሉ ያንን እግር በነፃ ስለሚያዞረው መሬት የነካው እግር ሳይያዝ ይቀራል። መኪናዋን የሚያቆማት ድንጋዩ ብቻ ነው። ግቢው ገረጋንቲ ስለነበር ክሪኩም የብረት መደገፊያውም ሥራቸው ወፍራም ጣውላ ተደረገላቸው፤ መደገፊያው የተቀመጠው በአክስሉ ቧንቧ ሥር ነው።

ታምቡሩን የሚይዙት ሁለት ትንንሽ ፒኖች በ12 መፍቻ ወጡ። ታምቡሩ ግን ዝጎ አልንቀሳቀስ አለ። በመዶሻ መደብደብ አላስፈለገም፤ ታምቡሩ ላይ የቡሎን ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ባዶ ቀዳዳዎች አሉ፣ እነዚያኑ ፒኖች እዚያ አስገብቶ እያቀያየሩ ግማሽ ግማሽ ዙር ማጥበቅ ታምቡሩን እየገፋ ያወጣዋል። ሲከፈት ውስጡ በዘይት ተጥለቅልቆ ነበር።

አራቱ የላሜራ ዳዶዎች የ17 ናቸው፤ በሰሚያሱ ራስ ላይ ባሉት ትልልቅ ቀዳዳዎች በኩል በቡሽላና በማስረዘሚያ ይደረስባቸዋል። ከዚህ በኋላ ሰሚያሱን መሳቢያ መዶሻ የሌለው ሰው ጎማውን ገልብጦ በሁለት ቡሎን ላላ አድርጎ ያስረዋል፣ ጎማውንም እንደ መዶሻ ወደ ራሱ ይነጥቀዋል። ታምቡሩን ገልብጠው በመዶሻ የሚመቱም አሉ፤ ታምቡር ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ በጎማ ይሻላል። እዚህ በሁለት ንጥቂያ ወጣ፤ እንዲህ ቶሎ መውጣቱ ራሱ የሚያጠራጥር ነበር። ሰሚያሱ እንደወጣ ሁለት ቡሎን ተመልሰው ታሰሩ፤ አለዚያ የፍሬን ሳህኑ በፍሬን ቧንቧው ላይ ብቻ ይንጠለጠልና ቧንቧውን ያጣምመዋል።

የተገኘው

ቀለበቷ ከኩሽኔታው 2 ሚሊሜትር ያህል ርቃ ነበር። ዘንጉ ላይ በሁለት ነጥብ ብየዳ ተይዛ ነበር፤ አንደኛው ነጥብ ተሰንጥቋል። የቀድሞው ጋራዥ አሮጌዋን ቀለበት አውጥቶ መልሶ የገጠመ ይመስላል። አንዴ የወጣች ቀለበት ደግሞ ጨምድዳ አትይዝም፤ ያጣችውን ጉልበት በብየዳ ለመተካት ተሞክሯል።

ብየዳው ያበላሸው ብዙ ነው። ሙቀቱ የኩሽኔታውን ግሪስ አቃጥሎ የጎማ ክዳኑን አቅልጦታል። የብየዳው ኤሌክትሪክ በኩሽኔታው በኩል ካለፈ ደግሞ የኳሶቹን መንገድ ይነቁረዋል፤ እዚህም ኩሽኔታው ሲቆረጥ እንዲያ ያለ ንቁር ታየ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሰሚያሱ ራሱ ነው። በሙቀት የጠነከረ ብረት ስለሆነ ብየዳ ሲነካው በዚያች ነጥብ ይደድራል፣ ሲደድር ይሰበራል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ጠርዝ ነው።

ቶርኖ ቤት ሰሚያሱን በብየዳ ሞልተን እናስተካክለዋለን አሉ። ባለቤቱ እምቢ አሉ፤ ትክክልም ነበሩ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሰሚያስ ተፈልጎ ተገዛ። ያገለገለ ሲገዛ የሚታየው አራት ነገር ነው፦ የኩሽኔታው መቀመጫ ያልተጫረና በማይክሮሜትር ሲለካ ዙሪያው እኩል የሆነ፣ ቶርኖ ላይ ሲዞር የማይወዛወዝ፣ የውስጥ ጫፉ ጥርሶች በአንድ ጎን ያልተበሉ፣ የጎማ ቡሎን ጥርሶቹ ያልተላጡ። መጀመሪያ የታየው ሰሚያስ ቶርኖ ላይ ሲዞር ጫፉ በግልጽ ያንገዋለል ነበር፤ ሻጩ ያለ ክርክር ቀየረላቸው።

ቀለበቷ

ሰሚያሱ ላይ የሚገቡት በቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ የዘይት መከላከያው፣ ላሜራው፣ ከዚያ ኩሽኔታው፣ መጨረሻ ቀለበቷ። ላሜራውን ረስቶ ኩሽኔታውን የጫነ ሰው ሁሉንም ቆርጦ ከመጀመር ሌላ መንገድ የለውም፤ እየታወቀ የሚደገም ጥፋት ነው።

ኩሽኔታው ቶርኖ ቤት በፕሬስ ገባ። የሚገፋው የውስጥ ቀለበቱ ብቻ ነው፤ ለዚህም ውስጡ ከ30 ሚሊሜትር ትንሽ የሰፋ የቧንቧ ቁራጭ ተዘጋጀ። የውጭውን ቀለበት መግፋት በኳሶቹ ማስገባት ማለት ነው፤ ኩሽኔታው ሥራ ሳይጀምር ጠባሳ ይይዛል።

ቀለበቷን ግን ባለቤቱ ቤት ውስጥ ማሞቅ መረጡ። የፋብሪካው መመሪያ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይላል። ቴርሞሜትር ባይኖርም የብረቱ ቀለም ይነግራል፦ ቀለበቷ በብርጭቆ ወረቀት ታሽታ ካበራች በኋላ ስትሞቅ መጀመሪያ የገለባ ቀለም፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ ትሆናለች። ሰማያዊው 300 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሰል ማንደጃ ላይ አንድ ላሜራ ተደርጎ እሷ በላዩ ተቀመጠች። ሰማያዊውን አልፋ ግራጫ ከሆነች ከልክ በላይ ሞቃለች፣ ቀልታ ፍም ከመሰለችማ ተበላሽታለች።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ቀለበቷ በቀዝቃዛ ፒንሳ ተይዛ ከማንደጃው እስከ ሰሚያሱ አምስት እርምጃ ተጓዘች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀዝቅዛ ነከሰች። በመዶሻ ሊመቷት ተነሥተው ነበር፣ ደግነቱ ተዉት። ግማሽ ላይ የነከሰችን ቀለበት መደብደብ ዘንጉን ይፍቃል እንጂ አያስገባትም። በግራይንደር እስከ ዘንጉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተቆረጠች፣ የቀረው በመሮ ተፈለጠ። ኩሽኔታው በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር፤ የግራይንደር ብናኝ በክዳኑ በኩል ከገባ አዲሱ ኩሽኔታ ወዲያው አሮጌ ይሆናል።

ሁለተኛ ቀለበት ፍለጋ አንድ ቀን ጠፋ። በቅርብ የተገኘው ቶርኖ ቤት ከቧንቧ የተቀረፀ ነበር፤ ሳይሞቅ በእጅ ሲሞከር ዘንጉ ላይ ሸርተት ብሎ ገባ። ሳትሞቅ የምትገባ ቀለበት ቀለበት አይደለችም። በማግስቱ ከሶማሌ ተራ የፋብሪካ ቀለበት፣ ያውም ሁለት፣ ተገዛና የቀለበቷ ሥራ ሙሉ በሙሉ ወደ ቶርኖ ቤቱ ተዛወረ። እዚያ ሰሚያሱ በሞርሳ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ፒንሳውም አብሮ ሞቆ፣ ቀለበቷ በአንድ ትንፋሽ ወርዳ ኩሽኔታው ላይ አረፈች። እስክትቀዘቅዝ በቧንቧው ተጭና ቆየች፤ አለዚያ ስትኮማተር ከኩሽኔታው ትንሽ ትሸሻለች፣ ያቺ ትንሽ ክፍተት በኋላ ልቅነት ትሆናለች።

የቶርኖ ቤቱ ወጣት ሥራውን አይቶ፣ "ጋሼ፣ ለማንኛውም ሁለት ነጥብ ልጣልልዎት?" አለ።

"አይ ልጄ፣" አሉ ባለቤቱ፣ "ስቆርጥ የሰነበትኩት እሱን ነው።"

በብየዳው ፋንታ ፕሬሱ ላይ ተፈተነች። መመሪያው ቀለበቷ 2 ቶን ያህል ግፊት ሲያርፍባት ከቦታዋ እንዳትነቃነቅ ይጠይቃል። ፕሬሱ ላይ የግፊት መለኪያ ስለነበር ይህንን ማየት ተቻለ፤ አልተነቃነቀችም። ይህን ፈተና ቤት ውስጥ ማድረግ አይቻልም፤ ሌላው ሁሉ ቢቻል እንኳ ለዚህ ብቻ ቶርኖ ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

መግጠም

አሮጌው ኦይል ሲል በካቻቢቴ ተነቅሎ አዲሱ ስፕሪንጉ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ከንፈሩ ግሪስ ተቀብቶ፣ በጠፍጣፋ ቧንቧ ቀስ ተብሎ ገባ። ሰሚያሱ ሲገባ በሁለት እጅ ተንሳፎ መያዝ አለበት፤ ጥርሶቹ የሲሉን ከንፈር ከቧጠጡት አዲሱ ሲል ከመጀመሪያው ቀን ያንጠባጥባል። አራቱ ዳዶዎች ከ42 እስከ 51 ኒውተን ሜትር፣ የጎማ ቡሎኖቹ ከ59 እስከ 71 ኒውተን ሜትር ታሰሩ። የቡሎኑ ልክ ለብዙ ሰው ትንሽ ይመስላል፤ ቧንቧ ቀጥሎ በእግር መርገጥ ለላዳ ቡሎን ከልክ ያለፈ ነው። ዘይቱ መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ቆማ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዝ ተሞላ።

ያልሠራው

በዘይት የራሰው የፍሬን ሸራ መጀመሪያ በቤንዚን ታጥቦ ተመልሶ ነበር፤ አዲሱ ለመጠባበቂያ ይሁን ተብሎ። መኪናዋ ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ተሳበች። ሸራ ዘይት ይመጥጣል፤ ላዩ ቢታጠብም ሲሞቅ ከውስጡ እንደገና ያልበዋል። በሁለቱም እግር አዲሱ ሲገባ መሳቡ ቀረ። በአንድ እግር ብቻ መቀየር ያንኑ መሳብ በሌላ መልክ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ችግር በሳምንቱ መጣ፦ አዲሱ ሲል ጥቂት ጠብታ አሳለፈ። እስከዚያ ዘይቱ የወጣው ሰሚያሱ ስለተወዛወዘ ብቻ ነው ተብሎ ነበር። አክስሉ ላይ ያለችው ትንሽ መተንፈሻ ስትታይ በጭቃ ደድራ ተዘግታ ተገኘች። አክስሉ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ መተንፈሻው ከተዘጋ መውጫ የሚያገኘው በሲሉ በኩል ነው፣ ዘይቱንም ይዞት ይወጣል። መተንፈሻው በመርፌና በናፍጣ ተጠርቶ ክዳኑ በነፃ መዞር ሲጀምር ጠብታው ቆመ። የጉድጓዱን ውሃ ለሚያቋርጥ መኪና ይህች የጣት ጥፍር የምታህል ዕቃ በየክረምቱ መጨረሻ ብትታይ አይከፋም፤ ማንም አያያትም እንጂ።

ለሌላ መኪና

ኮሮላ ዲኤክስ የኋላ እግሩ የሚነዳና ሰሚያሱ በዚሁ ዓይነት ቀለበት የሚያዝ ስለሆነ ከላይ የተባለው በመጠን ልዩነት ለእሱም ይሠራል። ቪትዝ ግን ሌላ ነው፤ የኋላ ኩሽኔታው ጎማው ከሚታሰርበት ማዕከል ጋር አንድ ዕቃ ሆኖ በአራት ቡሎን ይታሰራል፣ ፕሬስም ማንደጃም አይፈልግም። እዚያ የሚያስቸግረው የዛገውን ማዕከል ማላቀቅና ኤ ቢ ኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል) ካለው የሴንሰሩን ሽቦ አለመበጠስ ነው። በቮልስ ደግሞ የኋላውን የሚይዘው ትልቅ የ36 ዳዶ ከነኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ ከሚቆልፈው ፒን ጋር) ነው፤ እሱ የሚፈልገው 300 ኒውተን ሜትር ያህል ስለሆነ ረጅም ማንሻ ሳይዙ መጀመር ዋጋ የለውም።

ይህች ላዳ 50 ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ የጎማ ቡሎኖቹ እንደገና ተረጋገጡ። መርካቶ ደርሳ ስትመለስ የሁለቱም የኋላ ታምቡሮች ሙቀት በእጅ ሲነካ እኩል ነበር፣ ሰሚያሱም ሲሳብ አልተነቃነቀም። የግራው እግር ግን ገና አልተከፈተም፤ በዚያው ጋራዥ፣ በዚያው ሰሞን የተሠራ ነው። የተረፈችው ቀለበት ለእሱ ተቀምጣለች።